«ስለ ማስተማርና መማር ያለኝ እምነት»፦ ሳትገለብጡ የምትጽፉበት መንገድ

ለሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ማኅደር፣ ለፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ ለሚሰጠው የመምህርነት ዲፕሎማ) ሥልጠና ወይም ለግል ትምህርት ቤት ቅጥር «ስለ ማስተማርና መማር ያለህን የግል እምነት ጽፈህ አምጣ» የተባለ መምህር ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ካለፈው ዓመት ሠልጣኝ ፋይል ይቀበላል። ወይ «ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ቁልፍ ሚና ይጫወታል» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ ይቆማል።

ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ጀማሪ መምህራንን ሳማክርም እነዚህን ወረቀቶች አነባለሁ። አብዛኞቹ የሚመለሱበት ምክንያት አንድ ነው፦ የማንም መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙን ሸፍኜ ሳነበው ጸሐፊው ሒሳብ ያስተምር አማርኛ፣ ገጠሩ ዘጌ ይሁን ከተማው ውስጥ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) አጠገብ፣ 30 ተማሪ ይኑረው 70 አይታወቅም።

እምነታችሁ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ባደረጋችሁት ነገር ውስጥ። መጀመሪያ እዚያ ሄዳችሁ ፈልጉት፤ መጻፉ የሚመጣው በኋላ ነው። ከታች ያሉትን እርከኖች በቅደም ተከተላቸው ሂዱ። አንዱን ዘላችሁ ቀጣዩን ብትጀምሩ ሦስተኛው መስመር ላይ መቆማችሁ አይቀርም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ሳምንት ያስፈልጋችኋል። ነገ አስረክቡ ከተባላችሁ መጨረሻ አካባቢ «ያላችሁ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ» የሚለውን ተመልከቱ።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ባለ 50 ሉክ ደብተር። ስልክ ላይ አትጻፉ።
- ያለፈው ወር ሦስት የዕለት ትምህርት ዕቅዶች፣ እንዳሉ። ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተብሎ እንደገና የተጻፈውን ሳይሆን በእጃችሁ ይዛችሁ የገባችሁበትን።
- ራሳችሁ ያወጣችሁት አንድ ፈተና።
- አምስት የተማሪ ደብተር። ሁለት የጎበዝ፣ ሁለት የመካከለኛ፣ አንድ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ።

ሦስት ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማን ነው የሚያነበው? ስንት ገጽ? በየትኛው ቋንቋ? አንድ ገጽ ተብሎ አራት ገጽ ያስረከበ ሰው አውቃለሁ፤ አንባቢው ሁለተኛውን ገጽ አልገለጠም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ላይ ናሙና አትፈልጉ፤ ቢያንስ እርከን 5 እስኪያልቅ። ናሙና አንዴ ካነበባችሁ ዓረፍተ ነገሩ ጆሯችሁ ውስጥ ይቀራል፤ የራሳችሁን መስማት ያቅታችኋል። ለኮምፒውተር ቤት ጸሐፊ «አንድ አዘጋጅልኝ» ማለትም ሆነ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን ማዘዝ ያው ነው። የሚመጣላችሁ ወረቀት ያማረ ይሆናል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «እስቲ ምሳሌ ስጪኝ» ስትባሉ ግን የምትሉት ታጣላችሁ።

እርከን 1፦ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ

ለአምስት የሥራ ቀናት በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ልመዝግብ ካላችሁ ረቡዕ ላይ ትሰለቻላችሁ። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ፣ ከግቢ ሳትወጡ፣ የመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብላችሁ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ጻፉ፦

1. ምን አደረግሁ?
2. ተማሪው ምን አለ? ቃሉን እንዳለ ጻፉ።
3. እኔ በዚያች ደቂቃ ምን ወሰንኩ?
4. ለምን?

ቤት ደርሼ እጽፈዋለሁ አትበሉ። ባጃጅ ውስጥ ስትገቡ ግማሹ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጠንከር በሉ። «ተማሪዎቹ በንቃት ተሳትፈዋል» ማስታወሻ አይባልም፤ ሪፖርት ነው። ማስታወሻ ይህን ይመስላል፤ የጻፈችው አንዲት መምህርት ናት፦

«ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል ብዬ ጠየቅሁ። ሦስተኛ ረድፍ ያለች ልጅ ‹1/4፤ 4 ከ3 ስለሚበልጥ› አለች። ተሳስተሻል ልላት ነበር፤ ተውኩት። ሰሌዳው ላይ ሁለት ድፎ ዳቦ ሳልኩና አንዱን ለሦስት ሰው፣ ሌላውን ለአራት ሰው ቁረጪ አልኳት። ቆረጠች። ትንሽ ቆማ አየችውና ‹እንዴ! አራቱ ያንሳቸዋል› አለች።»

እዚህ ውስጥ አንድ እምነት አለ። መምህሯ ስህተቱን ራሷ ከማረም ልጅቷ እንድታየው ማድረግን መርጣለች። «እምነት» የሚለውን ቃል ግን አንድም ጊዜ አልጻፈችም። በዚህ እርከን እናንተም አትጻፉት።

ሲበላሽ፦

- ሁለት ቀን ረሳችሁ? ፈጥራችሁ አትሙሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ጨምሩ።
- አምስቱም ቀን «አስረዳሁ፣ ጻፉ፣ ተደወለ» ሆነባችሁ? አትደንግጡ፤ እሱም ማስረጃ ነው። ስድስተኛው ቀን ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁና አሥር ሰከንድ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ዝምታው ረጅም ይመስላችኋል። መልሱን ራሳችሁ አትናገሩ። የሆነውን ጻፉ።
- ገና ክፍል ያልገባችሁ ጀማሪዎች፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ሌላ መምህር ክፍል ኋላ ቁጭ በሉ። ሦስተኛውን ጥያቄ «እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር?» በሚለው ቀይሩት። ታናሽ ወንድማችሁን የቤት ሥራ ስታሠሩ የሆነውም ይቆጠራል።

እርከን 2፦ ሦስት ጊዜ «ለምን» በሉ

ከማስታወሻችሁ ውስጥ አሁንም ልባችሁ ውስጥ ያለውን አንድ ቀን ምረጡ። ውሳኔያችሁን ጻፉና ከሥሩ ሦስት ጊዜ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ።

አንድ የፊዚክስ መምህር ጋር የሠራነውን ላሳያችሁ። ስለ ተንሳፋፊነት እያስተማረ «የደንገል ታንኳ ለምን ይንሳፈፋል?» ብሎ ጠየቀ። ከጣና ሐይቅ ዳር የሚመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «አባቴ ከሥራ በኋላ ታንኳውን አውጥቶ ያደርቀዋል። ደንገሉ ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፤ ዝቅ ይላል» አለ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጀመረውን ማስታወሻ አቁሞ ልጁን ወደ ፊት ጠራው።

ለምን? «ልጁ እኔ መጽሐፍ ላይ ያላገኘሁትን ነገር ስለሚያውቅ።»

እሱ ለምን አስፈለገ? «ሌሎቹም ታንኳ አይተዋል። ‹ዴንሲቲ› የሚለውን ቃል ግን የሰሙት ያን ቀን ነው።»

እሱስ ለምን ይጠቅማል? «ሰው አዲስ ነገር የሚይዘው ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ሲያስረው ስለሆነ።»

ሦስተኛው መልስ እምነቱ ነው። ከታንኳው ተነስቶ እዚያ ስለደረሰ ማንም አይነጥቀውም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ መልሳችሁ «ለአገር ዕድገት» ወይም «ብቁ ዜጋ ለማፍራት» ከሆነ አልፋችሁ ሄዳችኋል። አንድ እርምጃ ተመለሱ። የምትፈልጉት ሰው እንዴት እንደሚማር የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ መልሳችሁ «መመሪያው ስለሚል» ከሆነ ያ የእናንተ እምነት አይደለም፤ የመመሪያው ነው። አንድ ለአምስት ቡድን (አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎች አምስትን የሚመራበት አደረጃጀት) ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። ራሳችሁን «ባልታዘዝ አደርገው ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። አይ ካላችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።

ይህን ለሦስት ቀን ማስታወሻ አድርጉት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ሁለቱን ያዙ፤ አንዱን ተዉት። አንድ ገጽ ላይ ከሁለት በላይ እምነት አይቆምም።

እርከን 3፦ እምነቱን በማስረጃ ፈትሹት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ እርከን ነው። «አምናለሁ» ያላችሁትን ነገር ሥራችሁ ይመሰክርለታል ወይ? ሦስት ፍተሻ አለ። ቢያንስ ሁለቱን አድርጉ።

*ፍተሻ ሀ፦ ፈተናውን ቁጠሩ*

ያወጣችሁትን ፈተና ፊታችሁ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ አንድ ፊደል ጻፉ። ተማሪው የሸመደደውን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ «ሸ»። አስቦ፣ አነጻጽሮ ወይም አዲስ ነገር ላይ ተጠቅሞበት የሚመልሰው ከሆነ «አ»። ከዚያ ቁጠሩ።

«ከሽምደዳ ይልቅ መረዳት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከ25 ጥያቄ 21ዱ «ሸ» ከሆነ፣ ተማሪዎቻችሁ የሚያምኑት ፈተናውን ነው። ልክም ናቸው፤ ማርክ የሚሰጣቸው እሱ ነውና።

ይህ ሲገጥማችሁ እምነቱን ተናዳችሁ አትሰርዙት። ፈተናውንም በአንድ ሌሊት አትገልብጡት፤ ልጆቹ ያልተለማመዱት ጥያቄ ሲበዛባቸው ይወድቃሉ። በሚቀጥለው ፈተና አምስት ጥያቄ ብቻ ቀይሩ። ዓይነቱን አስቀድማችሁ በክፍል ሥራ አለማምዷቸው። ቁጥሩን ያዙት፤ እርከን 5 ላይ ወረቀታችሁ ውስጥ ይገባል።

*ፍተሻ ለ፦ የመቀመጫ ካርታ*

ክፍላችሁን በወረቀት ሳሉ፤ እያንዳንዱ ወንበር አንድ ሳጥን። አንድ ባልደረባችሁን ለምናችሁ ከኋላ አስቀምጡ። ሥራው ቀላል ነው፦ አንድ ተማሪ ስለ ትምህርቱ በተናገረ ቁጥር ሳጥኑ ላይ አንድ መስመር። ስለ እናንተ አነጋገር ምንም እንዳይጽፍ ንገሩት።

ይህን የማዛችሁ ራሴ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ለማኅደሬ በጻፍኩት ወረቀት ላይ «ሁሉንም ተማሪ አሳትፋለሁ» የሚል ነበር። በሙሉ ልቤ የጻፍኩት ነው። አንዲት ባልደረባዬ ከኋላ ተቀምጣ ካርታውን ሞላችልኝ። 58 ተማሪ ነበረኝ። በ40 ደቂቃ ውስጥ የተናገሩት ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች። በመስኮት በኩል ካለው ረድፍ አንድም መስመር አልነበረም። ስድስቱ ልጆች ስለሚንጫጩ ክፍሉ በሙሉ የሚናገር መስሎኝ ኖሯል። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ወረቀቱን ግን አልቀደድኩትም፤ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር ቁጥሩን ጻፍኩበት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው። የሁሉንም ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፌ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ጥያቄ ጠይቄ ሁለት ደቂቃ ከጎናቸው ካለ ልጅ ጋር እንዲነጋገሩ እሰጣለሁ። ከዚያ ስም አወጣለሁ። ሁለቱን ደቂቃ አትዝለሉ። መጀመሪያ ዘልዬው አንዲት ዓይናፋር ልጅ ስሟ ሲጠራ አለቀሰች። ከጓደኛዋ ጋር ስትነጋገር ቆይታ ስትጠራ ግን «እኛ ያልነው…» ብላ ጀመረች። «እኛ» ማለቷ ነው የረዳት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሰጣችሁን ሰው ለዚህ አትጥሩ። እናንተም ለእሱ ብላችሁ ታስተምራላችሁ፤ ካርታውም ይዋሻል።

*ፍተሻ ሐ፦ ደብተሮቹን ግለጡ*

«ተማሪ ከስህተቱ ይማራል» ብላችሁ ከሆነ የተሳሳተ መልስ ፈልጉና አጠገቡ ምን እንደጻፋችሁ እዩ። ኤክስ ብቻ ከሆነ ልጁ መሳሳቱን አውቋል፤ ከእሱ የሚማረው ነገር ግን አልሰጣችሁትም። የኋላ ወንበሩን ልጅ ደብተር በደንብ እዩት። ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው መቼ ነው?

ስልሳና ሰባ ደብተር በየሳምንቱ ማረም እንደማይቻል አውቃለሁ። ማንም አይጠብቅባችሁም። በሳምንት አሥር ደብተር ላይ ግን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቻላል። የተማሪውን ብዛት ሰበብ አታድርጉት፤ ግን ደግሞ አትደብቁት። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፉት። 62 ተማሪ ያላት መምህርት በሳምንት አሥር ደብተር ታያለች ሲባል አንባቢው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያምናታል።

እርከን 4፦ አሁን ንድፈ ሐሳቡን ጥሩት

ሥልጠና ላይ የሰማችኋቸው ስሞች የሚመጡት እዚህ ነው፤ ከዚህ በፊት አይደለም። አንድ ስም በቂ ነው። ደንቡ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የምታደርጉትን ጻፉ፣ ከዚያ ስሙን አምጡ።

ተማሪን ከጎበዝ ጓደኛው ጋር የሚያስቀምጥ፣ ፍንጭ እየሰጠ ቀስ በቀስ እጁን የሚያነሳ መምህር የሥነ ልቦና ምሁሩን ሌቭ ቪጎትስኪን ቢጠራ ያምርበታል። የቪጎትስኪ ሐሳብ ተማሪ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ስላለው ክፍተት ነው። በተግባር የሚያስተምር ሰው አሜሪካዊውን ፈላስፋ ጆን ዴዊን ሊጠራ ይችላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ዴዊ ልምድ ሁሉ እኩል ያስተምራል አላለም። ቤተ ሙከራ አስገብታችሁ «አያችሁ?» ብላችሁ ካስወጣችኋቸው እሱን አትጥሩት።

የ«-ኢዝም» ስሞች ላይ ደግሞ፦ «ፕሮግሬሲቪዝምንም ኢሴንሺያሊዝምንም እከተላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በጣም አነባለሁ። ሁለቱ የሚጋጩበት ቦታ አለ። አንደኛው ከተማሪው ፍላጎትና ልምድ ይነሳል፤ ሌላኛው ሁሉም ሊያውቀው ከሚገባ መሠረታዊ እውቀት። ሁለቱንም ትጠቀማላችሁ? ይሁን፤ መቼ የቱን እንደሆነ ጻፉ። «የማባዛት ሠንጠረዥ ላይ አጥብቄ አስጠናለሁ፤ የቃላት ፕሮብሌም ላይ ግን ከገበያ ከሚያውቁት እነሳለሁ» ብትሉ ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አብነት ትምህርት ቤት ያደጋችሁ መምህራን ይህን ትደብቃላችሁ። ለምን? በጣና ዙሪያና በጎጃም የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል። የበረታው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል (ያስጠናል)። «ተማሪ ራሱ መሥራት አለበት» ወይም «ተማሪ ከተማሪ ይማራል» የሚለው እምነታችሁ ከዚያ የመጣ ከሆነ እንደዚያው ጻፉት። የውጭ ስም ካልተጨመረበት አይሞላም ብላችሁ አትስጉ። እዚያ የተቀጣችሁትና እናንተ የማትደግሙት ነገር ካለም ጻፉት።

እርከን 5፦ ረቂቁን በአንድ ቁጭታ ጻፉ

45 ደቂቃ መድቡ። ቤት ልጆች ካሉ ውጡ፤ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይም ይሆናል። በእጅ ጻፉ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሰርዙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ተማሪ። ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር። የተማሪውን ስም አትጻፉ።
2. ከዚያ ቀን የወጣው እምነት። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር።
3. በየሳምንቱ እንዴት እንደምታደርጉት። ረጅሙ አንቀጽ ይህ ይሁን።
4. መማራቸውን በምን እንደምታውቁ። ፈተና፣ ደብተር፣ የቃል ጥያቄ። የእርከን 3 ቁጥር እዚህ ይገባል።
5. የጎደለውና በዚህ መንፈቀ ዓመት የምትሠሩት አንድ ነገር።

የፊዚክስ መምህሩ መጀመሪያ ያመጣው እንዲህ ይል ነበር፦

«እንደ መምህርነቴ ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴን በመጠቀም ለተማሪዎቼ ምቹ የመማሪያ ሁኔታን በመፍጠር የተማሪዎቼን ቀዳሚ እውቀት ግምት ውስጥ አስገባለሁ።»

ስህተት የለበትም። ግን ምንም አይታይም። ሁለተኛው ረቂቁ ይህ ነው፦

«ኅዳር ላይ ስለ ተንሳፋፊነት ሳስተምር አንድ ተማሪዬ ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ዝቅ እንደሚል ነገረን። ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፌ ነበር፤ የእሱ ወሬ መቅደም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ርዕስ ስጀምር ‹ስለዚህ ነገር ቤት ወይም መንገድ ላይ ምን አይታችኋል?› እላለሁ። መልሳቸውን ሰሌዳው ግራ ጥግ ላይ እጽፋለሁ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የትኛው ትክክል እንደሆነ፣ የትኛው እንደወደቀ አብረን እናያለን። ሰው አዲስ ነገር የሚይዘው ከሚያውቀው ጋር ሲያስረው ነው ብዬ አምናለሁ። 62 ተማሪ ስላለኝ በአንድ ቀን የሁሉንም መስማት አልችልም፤ በሳምንት ሁለት ረድፍ እደርሳለሁ።»

ሰሌዳው ግራ ጥግ! እሷን ሳነብ ክፍሉ ታየኝ። እናንተም እንዲህ ያለች አንድ ነገር ፈልጉ። እቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልትፈጥሯት አትችሉም፤ ማስታወሻው ውስጥ ናት።

ሲበላሽ፦ የመጀመሪያው አንቀጽ እንቢ ካላችሁ ከሦስተኛው ጀምሩ። እጃችሁ አሁንም ካልሄደ ስልካችሁ ላይ ድምፅ ቅዱ፤ ለጓደኛችሁ እንደምታወሩ ያን ቀን የሆነውን ተናገሩ፣ ከዚያ ሰምታችሁ ጻፉ።

እርከን 6፦ አጽዱት

አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ላይ እስክሪብቶ ይዛችሁ እነዚህን ፈልጉ፦

- «ምቹ ሁኔታ እፈጥራለሁ»፦ ምን አድርጋችሁ? ወንበር አዙራችሁ? ሲሳሳት በጓደኛው የሚስቀውን ልጅ አስቁማችሁ? እሱን ጻፉ።
- «አጎለብታለሁ»፣ «አበረታታለሁ»፦ በምን ቃል? በምን ሥራ?
- «የተለያዩ የማስተማር ዘዴዎችን እጠቀማለሁ»፦ ሁለቱን ጥቀሱ፤ የቀረውን ሰርዙ።
- «ሁሉም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «መቶ በመቶ»፦ እውነት ነው? የመቀመጫ ካርታውን አስታውሱ።

ቀጥሎ መምህር ላልሆነ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤት። ስትጨርሱ «እኔ ክፍል ስገባ ምን የማደርግ ይመስልሻል?» በሉ። መናገር ከቻለች ወረቀቱ ሠርቷል። «ጥሩ መምህር ነህ ማለት ነው» ብቻ ካለች ወደ እርከን 5 ሦስተኛ አንቀጽ ተመለሱ።

እርከን 7፦ በእንግሊዝኛ ከተጠየቃችሁ

መጀመሪያ በአማርኛ ጨርሱ። በእንግሊዝኛ የጀመረ ሰው የሚያስበውን ትቶ የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከሞጁሉ የሚገለበጠውም ለዚህ ነው። አማርኛው ካለቀ በኋላ ሐሳቡን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር አዙሩት። «ታንኳ»ን ወይም «ድፎ ዳቦ»ን አታውጡት፤ ስሙን እንዳለ ጽፋችሁ በሦስት አራት ቃል ግለጹት። ሰዋስው የሚያርምላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ግን «ላሳምርልህ» ካለ ረቂቁን መልሳችሁ ውሰዱ።

እርከን 8፦ ከተመለሰባችሁ

«ንድፈ ሐሳብ የለውም» ከተባላችሁ እርከን 4 ላይ የመረጣችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ አስገቡ። አራት ስም አትደርድሩ።

«በጣም የግል ነው» ከተባላችሁ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። የተማሪውን ታሪክ ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ይቻላል። ጨርሶ ማውጣት ግን ወረቀቱን ይገድለዋል።

«ድክመትህን ለምን ጻፍክ?» የሚለው በተለይ ለቅጥር ሲሆን ይመጣል። የምትሠሩትን አስቀድሙ፤ «በሳምንት አሥር ደብተር ላይ አስተያየት እጽፋለሁ፤ ዘንድሮ ወደ አሥራ አምስት ላደርስ ነው» በሉ። ጉድለቱ ተነግሯል፤ ሥራውም አብሮት አለ።

ፎርሙ ሳጥን በሳጥን ከሆነ አምስቱን አንቀጾች በየሳጥኑ አካፍሉ። ለእያንዳንዱ ሳጥን አዲስ እምነት አትፍጠሩ።

ያላችሁ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ

የሳምንቱን ማስታወሻ ማድረግ አትችሉም፤ ፈተናውንና አምስቱን ደብተር ግን ታገኛላችሁ። ፈተናውን ቁጠሩ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደብተሮቹን ግለጡ። ዘንድሮ አንድ ተማሪ ያስገረማችሁን አንድ ቀን አስታውሱና ሦስቱን «ለምን» ጠይቁ። ከዚያ በእርከን 5 ቅደም ተከተል ግማሽ ገጽ ጻፉ። ግማሽ ገጽ የራሳችሁ ይሻላል ከሁለት ገጽ የሰው።

እርከን 9፦ ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት

ከላይ በቀኝ በኩል ቀኑን፣ የክፍሉን ደረጃና የተማሪውን ብዛት ጻፉ። አንዱን ቅጂ አስረክቡ፤ አንዱን ደብተራችሁ ውስጥ ለጥፉ። የካቲት ላይ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር አዲሱን ፈተና እንደገና «ሸ» እና «አ» ብላችሁ ቁጠሩ፤ ያቺን ባልደረባችሁን እንደገና ከኋላ አስቀምጡ። አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ጻፉት።